በሰናይት አጀንዳ ላይ ያደረግሁት ራይት

ይህን ነገር ለባሌ እንኳን አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም። በጸሎት ህብረታችን ሰው ሁሉ እያለቀሰ ጉዱን ሲያወጣ እኔ ስለ ሐሜትና ስለ ቁጣ ተናግሬ ቁጭ ብያለሁ። ሐሜትማ ማን የማያማ አለ? ያን ተናግሬ፣ እህቶች "አስቴር እንዴት ልቧ የተሰበረ ነው" ብለውኝ፣ ሻዬን ጠጥቼ ቤቴ ገብቻለሁ። ዋናውን ግን ከነክፋቱ ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖርኩ። እኛ ፕሮቴስታንቶች የንስሐ አባት የለንም። ሰናይት ግን አሏት፤ ደብረ ብርሃን ያሉ ሽማግሌ ቄስ፣ በስልክ ሳይቀር የሚመክሯት። ጉዴን ስሙልኝ፣ በዚህም ቀንቼባታለሁ። እንግዲህ እናንተ የምታነቡት ስሙኝ። ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኛል።

ሰናይት የባሌ ታናሽ ወንድም የምህረቱ ሚስት ናት። የባሌ ወላጆች፣ አባባና እማማ፣ የሚኖሩት ከዲላ በላይ ደጋው ላይ፣ ቡሌ ነው። ዲላ ከተማ ውስጥ ግን ግቢ አላቸው፤ ፊት ለፊት የተሠሩ ሁለት ቤቶች፣ መሃል ላይ አንድ ቧንቧ፣ ከጓሮ እንሰትና ጥቂት የቡና እግር። በአንደኛው ቤት እኔና ባሌ በረከት፣ በሌላው ምህረቱና ሰናይት ነበርን። ሰናይት ዩኒቨርሲቲ ልትማር ከደብረ ብርሃን መጥታ ነው ምህረቱን ያወቀችው። እሷ ኦርቶዶክስ፣ እሱ የወንጌላዊ ልጅ። ሽማግሌ ሳይላክ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራረሙና ተጋብተናል ብለው መጡ። አባባ ይህን መዋጥ አቃታቸው። አልተሳደቡም፣ ከግቢም አላባረሩም፤ ግን አልመረቁም። በእኛ ቤት ደግሞ ያልተመረቀች ምራት እንግዳ ናት። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትወልዳለች፤ ግን እንግዳ ናት።

እና ይቺ እንግዳ አጀንዳ ነበራት። አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ካደለው የተረፈ፣ ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ዓመቱ ያለፈበት አጀንዳ። የታተመውን ቀን በእስክሪብቶ ሰርዛ በእኛ አቆጣጠር ጽፋበታለች። እሁድ ከሰዓት ልጇን አዝላ በረንዳ ላይ ትቀመጥና የሳምንቱን ታሰፍራለች። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትን ቀን፣ የልጁን ክትባት፣ በርበሬ የሚቀነጠስበትን፣ የእማማ የደም ግፊት መድኃኒት የሚያልቅበትን፣ ሌላው ይቅርና የእኔ ልጆች ፈተና የሚጀምሩበትን። ሥራው ሲያልቅ ጎኑ ላይ ራይት ታደርጋለች፤ አስተማሪ የተማሪ ደብተር ላይ እንደሚያደርገው። ያቺን ራይት ስታደርግ ፊቷ ላይ የሚመጣው ደስታ! ቆሽቴ ነበር የሚያረው።

ምን አደረገችሽ ትሉኝ ይሆናል። ምንም። ውሃ በሚመጣበት ቀን የእሷ በርሜል ግጥም ብሎ ሞልቶ ያድራል፤ እኔ ረስቼ ባዶ ጀሪካን ታቅፌ አነጋለሁ። ባልዲ ይዤ በሯ ላይ ስቆም "ግቢ አስቱዬ፣ ለአንቺም ብዬ ነው የሞላሁት" ትለኛለች። ለእኔም ብላ! ደግሞ እውነቷን ነበር። ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። ክፉ ሰውን ይጠላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይገላገላሉ። ደግ ሰው ላይ ሲቀኑ ግን የት ይሂዱበታል?

በረከት ቡና ሲደርስ ለሥራ ጨለለቅቱ ከተማ ነው የሚከርመው። አንድ ቅዳሜ መጥቶ ቤት ውስጥ ጨው አጣና "አንቺም እንደ ሰናይት ብትጽፊው ምን አለበት?" አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው፤ እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩት። እሱ ሲሄድ በድብቅ አንድ ደብተር ገዛሁ። "ሰኞ" ብዬ ጻፍኩና ከሰኞ በታች ምን እንደሚጻፍ ጠፋኝ። "ልብስ ማጠብ" አልኩ። ከዚያ ዝናብ መጣ፤ ሰኞም ማክሰኞም ልብስ አልታጠበም፤ ደብተሩን ልጆቼ የመኪና ሥዕል ሣሉበት። እሷ እንዴት እንደምትችለው ዛሬም አልገባኝም።

ከሁሉም ግን የእማማ ይብስ ነበር። እማማ ጌዴኦኛ ነው የሚቀላቸው፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። ከቡሌ በወረዱ ቁጥር የሰናይትን አጀንዳ ያገላብጣሉ፤ ማንበብ አይችሉም፣ ራይቶቹን ግን በጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። "ይሄ ልጅ ቤት ይይዛል" ይላሉ። "ሁሉን ወረቀት ላይ ያስቀምጣል፣ እሱ አይረሳም።" እኔ በዚያ ቤት ስንት ዘመን ኖሬ፣ ስንት ለቅሶና ስንት ድግስ ተሸክሜ፣ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ያልተመረቀችዋ ተመሰገነች፣ የተመረቅሁት ዝም ተባልኩ።

ለእኔ የቀረኝ እንሰት ብቻ ነበር። እኔ እዚሁ ጌዴኦ የወርቃ ልጅ ነኝ። እንሰት ስፍቅ ነው ያደግሁት፤ ቆጮ፣ እኛ ዋሳ የምንለው፣ በስሎ እንደሆነና እንዳልሆነ ጉድጓዱ ሳይከፈት ከላዩ ቆሜ ከሽታው አውቃለሁ። ለዚህ አጀንዳ አያስፈልግም። በእኛ ዘንድ ደግሞ ዋሳ የእጅ ነገር ነው ብለው ያምናሉ፤ እጇ የማይስማማት ሴት የቀበረችው ይበላሻል ይላሉ። በዚህ ማንም አይደርስብኝም ብዬ ልቤን አሳርፌ ነበር።

ሰናይት ወንድ ልጅ ስትወልድ አባባ ለዘብ አሉ። የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ሲያበቁ ቃል ሰጡ፦ ቡና ተለቅሞ ሲያልቅ፣ በጥር፣ የቡሌ ሽማግሌዎችን ይዤ እወርዳለሁ፤ በገዛ እጇ ቀብራ ያወጣችውን ዋሳ ካበላችን፣ ልጃችን ናት ብለን እንመርቃታለን። ምህረቱ አለቀሰ። ሰናይትም አለቀሰች። እኔ ደግሞ በልቤ እሰይ አልኩ። እንሰት በሥዕል እንኳን አይታ የማታውቅ የደብረ ብርሃን ልጅ ቆጮ ልትቀብር! አሁን ትታያለች አልኩ።

አጀንዳዋን ይዛ መጣች። እማማን በስልክ ትጠይቃለች፣ እኔን ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች። እኔ ግማሹን እየነገርኩ ግማሹን እውጣለሁ፤ እሷ ደግሞ የዋጥኩትን ከጎረቤት ጠይቃ ትሞላዋለች። በመስከረም የሰፈር ሴቶች ተጠርተው እንሰቱ ሲፋቅ አብራ ፋቀች፤ መዳፏ እስኪላጥ ፋቀች። ከእኔ ጉድጓድ አጠገብ ጉድጓድ ተቆፈረላት፤ በኮባ ቅጠል ሸፈነችው፣ ድንጋይ ጫነችበት። መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚገለበጥ፣ መቼ ቅጠሉ እንደሚቀየር ሁሉንም እያሰላች ጻፈች። በህዳር ስትገለብጠው አብሬአት ነበርኩ። ቆንጥሬ በጣቶቼ መሃል አሸሁት፣ አሸተትኩት። ጥሩ ነበር። ምን ልደብቃችሁ፣ ከእኔ ይሻል ነበር። "እንዴት ነው አስቱዬ?" አለችኝ፤ ዓይኗ ይለምነኛል። "ደህና ነው" አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲያ እንቅልፍ ከዓይኔ ራቀ። የቀረችኝን አንዷን ነገርም ጽፋ ልትወስድብኝ ነው አልኩ።

በታህሳስ እናቷ ታመሙ ተብሎ ተደወለ። ልጇን ይዛ ደብረ ብርሃን መሄድ ነበረባት። ምህረቱ ውሎው ሥራ ነው፤ ደግሞም በእኛ ወንድ ልጅ ዋሳ ጉድጓድ ውስጥ እጁን አያስገባም። አጀንዳዋን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። እስክትመለስ የሚሠራውን ሁሉ በተራ ጽፋዋለች። "ስትጨርሺ ራይት አድርጊበት፣ እኔ እንዳልደግመው" አለችኝ። ሳመችኝና ሄደች። እናቷ አልጋ ላይ ናቸው፣ እሷ የምታምነው እኔን ነው። እኔን!

የተጻፈውን ሁሉ ሠራሁ። ውሃውን ቀዳሁ፣ ራይት። የእማማን መድኃኒት ገዝቼ በቡሌ መኪና ላክሁ፣ ራይት። እውነቱን ለመናገር ራይት ማድረጉ ደስ ይላል፤ እሷን የሚያስደስታት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በዚያ ሳምንት ያለ ወቅቱ ከባድ ዝናብ ጣለ። ሲያባራ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ የዕለቱ ሥራ ያው ጉድጓዱን መክፈት፣ መገልበጥ፣ ቅጠል መቀየር፣ ድንጋይ መመለስ ነበር። ድንጋዩን አነሳሁ። በአንድ በኩል ኮባው ተቀዷል፣ የዝናብ ውሃ ገብቷል፣ ጥጉ መጥቆር ጀምሯል። የሚደረገውን አውቃለሁ። የጠቆረውን ቆርጦ መጣል፣ ውሃውን መጭመቅ፣ የቀረውን አዋህዶ በአዲስ ቅጠል መጠቅለል። ለእኔ እጅ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

እዚያ ቆምኩ። ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ምንም አላሰብኩም ብል በወደድኩ። ሰይጣን ነው ብል በወደድኩ፤ በህብረታችን እንደዚያ ነው የሚባለው። ግን ሰይጣን አልነበረም፣ አስቴር ነበረች። አባባ እጃቸውን ዘርግተው ሰናይትን ሲመርቁ ታየኝ። እማማ "ዋሳም ይችላል ይሄ ልጅ" ሲሉ ተሰማኝ። የተቀደደውን ቅጠል በቦታው መለስኩት። ድንጋዩን ጫንኩበት። ከዚያ የራሴን ጉድጓድ ከፍቼ፣ አገላብጬ፣ ቅጠሉን ቀይሬ፣ በደንብ ሸፈንኩ። ወደ ቤት ገባሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ አጀንዳውን ገለጥኩ፣ ራይት አደረግኩ።

ከዚያ እንደ ወትሮው የልጆቼን ምሳ አቀረብኩ። ይህን ለምን እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ብቻ አቀረብኩ።

ሰናይት እናቷ አገግመው ስትመለስ አጀንዳዋን አገላበጠችና እየዘለለች አቀፈችኝ። "ምን ልክፈልሽ አስቱዬ፣ ምን ልክፈልሽ?" ትላለች። ያኔ "ሂጂ ጉድጓዱን እዪው" ብላት ግማሹ ይተርፍ ነበር። የሦስት ቃል ነገር ነበረ። አላልኳትም። እሷም የተጻፈው ተሠርቷል ብላ አልነካችውም፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሲሉ እማማ ራሳቸው ወርደው የሚከፍቱት ነበር። እናንተ ብትሆኑ ራይት ያለበትን ሥራ ትደግሙታላችሁ?

እማማ በድግሱ ዋዜማ ወረዱ። ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበዋል። ሰናይት ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተንበረከከች። እማማ ድንጋዩን አነሱ፣ ኮባውን ገለጡ። ሽታው ቀድሞ ወጣ። ከሴቶቹ አንዷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። ከላይ እስከ ታች ጠቁሮ፣ ሻግቶ፣ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ሰናይት እጇን ከታች፣ ከጎን፣ እየከተተች ደህናውን ትፈልጋለች። የለም። ሮጣ አጀንዳዋን አመጣች። "እማማ ተገልብጧል እኮ፣ ይኸው፣ ይኸው ተጽፏል" ትላለች፤ የጭቃ እጇ ወረቀቱን አበላሸው። እማማ ራይቱን አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ገልብጠሽዋል ወይ ብለው በጌዴኦኛ ጠየቁኝ። ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል፣ ሰናይት ታየኛለች።

"እንደተጻፈው አድርጌአለሁ" አልኩ።

ደግሞ ሰናይት እንድትሰማው ብዬ በአማርኛ ነው ያልኩት። እማማ በዚያ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛቸው፣ በርኅራኄ፣ "እንግዲህ እጁ ነው፤ ጥፋት አይደለም፣ እጁ እምቢ አለ" አሏት። ሰናይት ሁለት እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። የሌላ ሰው እጆች ይመስል ነበር የምታያቸው። እኔም አየኋት። ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ ብሎኛል። ለቅጽበት ነበር፣ ግን ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ከገበያ ገዝቶ ማቅረብ የማይታሰብ ነው፤ የአባባ ቃል የገዛ እጇ ነው። እንግዳ ደግሞ ሳይበላ አይሸኝም። ስለዚህ የእኔ ጉድጓድ ተከፈተ። የእኔ ዋሳ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሽታው የሚያስጎመጅ ነበር። በጎመንና በቅቤ በሉ፣ ደጋገሙ፣ አመሰገኑ። ሲጨርሱ አባባ ተነሱና ያበላችን እጅ ትባረክ ብለው እኔን ጠሩኝ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘረጉ። ቤትሽ አይጉደል አሉኝ። ልጆችሽ ይደጉ አሉኝ። ለሰናይት የታሰበውን ምርቃት፣ ለእሷ ከቡሌ ድረስ ያን ክፉ መንገድ ይዘው የወረዱበትን ምርቃት፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩት። አሜን አልኩ። ሦስቴም አሥሬም አሜን ነው ያልኩት። ሰናይት በር ላይ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ቆማ ነበር፤ እሷም አሜን ብላልኛለች።

አባባ ሲወጡ የእሷን ነገር ሌላ ጊዜ እናየዋለን አሉ። ምህረቱ ይህን አልቻለም። አባቱን ምንም አላለም፤ ግን ሥራ ቀይሮ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሃዋሳ ገባ። ዕቃ ሲጭኑ ሰናይት የእኔን ልጆች አንድ በአንድ ስማ አለቀሰች። አጀንዳ መጻፍ ግን ከዚያ ዋዜማ ጀምሮ ትታው ነበር። ለምን ተውሽው አልኳት፣ ለነገሩ ያህል። "ጽፌም አልሆነልኝም፣ እኔ ላይ የሆነ ነገር አለ" አለችኝ። እኔ ላይ የሆነ ነገር አለ! እሷ ላይ! አፌን ከፍቼ ነበር፤ አቤት፣ ከፍቼ ነበር። "አይዞሽ" ብዬ ዘጋሁት።

ሌላ ጊዜ የተባለው አልመጣም። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ አባባ አረፉ። ቡሌ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ድንኳን ተጣለ። በእኛ ለቅሶ ምራቶች ከሟች ሚስት ጎን ነው የሚቀመጡት። እኔ ከእማማ ቀኝ ተቀምጫለሁ። ሰናይት ከሃዋሳ መጣች፣ ጥቁር ለብሳ፣ ልጇን በእጇ ይዛ። ድንኳኑ ውስጥ ገባችና ቆመች፤ የት እንደምትቀመጥ አላወቀችም። ምራት ናት እንዳይባል አልተመረቀችም፤ እንግዳ ናት እንዳይባል ልጇ አያቱን ነው የሚቀብረው። አጠገቤ ቦታ ነበር። ትንሽ ጠጋ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ በዓይኔ ነይ ብላት ትመጣለች። አልተጠጋሁም። ሄዳ ከከተማ ከመጡት ለቀስተኞች ጋር በሩ አካባቢ ተቀመጠች። እማማ እጄን ጨብጠው "አንተ ብቻ ነህ የቀረኸኝ ምራቴ" እያሉ አለቀሱብኝ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ድንኳን ሙሉ ሰው ይህን አይቶ እንዴት ያለች ምራት ናት ብሏል።

የሚመርቃት ሰው እንግዲህ ተቀብሯል። እኔ ዛሬ ተነስቼ ዲላ አደባባይ ላይ ብጮህ የአባባ እጅ አይዘረጋላትም። ይህን ማንም መልሶ አይሰጣትም፤ የወሰድኩት ይህን ነው።

ለምን እስካሁን አልተናገርሽም ትሉኛላችሁ። ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። በረከት በዚህ አይፈታኝም። እማማም ያኮርፉኝ ይሆናል እንጂ አያባርሩኝም። የማልናገረው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ከተናገርኩ እማማ ሃዋሳ ድረስ ይሄዳሉ። ጉልበቷ ላይ ይወድቃሉ፣ እነዚያን እጆቿን ይስማሉ፣ በደልኩህ ልጄ ይሏታል። ከዚያ በኋላ ለዘላለም የሚወዷት እሷን ነው። እኔ ያን ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም። ይኸው ነው። አባባ ሞተው፣ ቤት ፈርሶ፣ ሰው ተሰዶ፣ እኔ አሁንም እቀናባታለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እሷንም ይቅር በይኝ አላልኳት። እንዴት ብዬ? ቦታዋ ላይ ተቀምጫለሁ እኮ፤ ገና አልተነሳሁላትም።